ከመቶ መቶ አሥር

ከሐኪም ቤቱ ሥር፣ ከምድር ቤት ወርጄ፣
ሜትር ዘርግቻለሁ፣ ጠመኔ በእጄ።
አራት ሺህ ሊትር ጋን፣ ሆዱ ሙሉ ናፍጣ፣
ጥግ ይዞ ይጠብቃል፣ ጨለማው እስኪመጣ።

በዚህ በግሪንላንድ፣ በበረዶው ባሕር ዳር፣
ፀሐይ ወር ከወር ትጠፋለች፣ ሳትሰናበት፣ ሳትናገር።
ያን ጊዜ መብራት ከሄደ፣
ነፋስ ምሰሶ ጥሎ ሽቦው ከወረደ፣
ፎቅ ላይ ያለ ጨቅላ በመስታወት ሣጥኑ፣
ሙቀት የሚያገኘው ከዚህ ነው፣ ከጋኑ።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ መቶ ቢይዝ ጋኑ፣
መቶ አሥር እንዲይዝ ክትሩ በጎኑ።
"አሥሯ ለማን?" ብዬ መምህሬን ብጠይቅ፣
"ለማናውቀው" አሉኝ፣ ፊታቸው ሳይስቅ።

ሦስት በአራት ክፍል፣ ዐሥራ ሁለት ካሬ፤
አንዱን የጋኑ መቆሚያ ይበላል ከቁጥሬ።
የቀረው ዐሥራ አንድ፤ ሲባዛ፣ ሲካፈል፣
አርባ ሳንቲ ሜትር ደፍ በሩ ላይ ይተከል።

ኩኑክ ግን አኮረፈ፣ የቤቱ ጠባቂ፣
የሞተሩን ሳል ከሐኪም በላይ አዋቂ።
"አርባ ሳንቲ ሜትር! ጉልበቴን አይተሻል?
በቀን አሥሬ ስሻገር ማን ይደግፈኛል?
ይህ ጋን አንድ ቀን እንኳ ጠብ አላለም፣ ናያ፤
ለማይመጣ ጎርፍ ነው የምትሠሪው መገደቢያ።"

መልስ አልሰጠሁትም። የፈሰሰ አይታፈስም ይላል ሰው፤
የእኔ እንጀራ እንዲታፈስ ማድረግ ነው።

ብሎኬት ደረደርን። ነዳጅ የማይበላው ግራጫ ቀለም ሁለቴ ቀባን፤
ሽታው ራሳችንን ቢያዞረን፣ ወጥተን በረዶ ላይ አየር ሳብን።
ቧንቧ ሁሉ ከደፉ በላይ እንዲያልፍ አዘዝኩ፣
ከታች የተበሳውን በገዛ እጄ ደፈንኩ።
ከዚያ ውሃ ሞላን፤ አሰመርኩ በጠመኔ፤
ንቅንቅ አይልም አልኩ፣ ካልዋሸኝ ስሌቴ ወይ ዓይኔ።

ሲነጋ ሁለት ጣት ወርዷል።

ሁለት ጣት ብትሉ ትንሽ ነው።
በዚህ ወለል ስፋት ግን አራት መቶ ሊትር ያህል፣
ያቺው ለማናውቀው ያስቀመጥናት አሥር፣
በሌሊት ተነሥታ ሄዳለች።
ባትሪ ይዤ ተንበረከክሁ፣ ግድግዳውን በመዳፌ ዳሰስሁ፤
ስንጥቅ የለም።
ኩኑክ የረገመው ደፍ ላይ ተቀምጧል፣
ቁልፎቹን በጉልበቱ መሐል ይዞ።

"ከመቆሚያው ሥር ነው" አለ፣ "በግራው እግር በኩል።
የድሮ ፍሳሽ ቀዳዳ አለ፣ ወደ ባሕር የሚወርድ።
ሥዕልሽ ላይ አታገኚውም።"

"አንተስ እንዴት አወቅህ?"

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ።

"በተቀጠርኩ በዓመቱ፣ መሙያውን ከፍቼ ፎቅ ወጣሁ፤
ሚስቴ ምጥ ላይ ነበረች፣ ድምጿን ሰማሁ።
ስመለስ ወለሉ ደርቋል፤ የቀረው ሽታው ነው።
በማግስቱ ባሕሩ ቀስተ ደመና ለብሶ ዋለ፣
ልጆች ሲያዩት አማራቸው።
በዚያ ዓመት ያደንነው አቆስጣ ሥጋው ናፍጣ ናፍጣ አለ፤
አባቴ አኘከ፣ ተፋ፣ 'ማን ነው?' ግን አላለ።
መርከብ ነው አሉ።
እኔም መርከብ ነው አልኩ።
ይህን መቆሚያ በቀዳዳው አፍ ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤
እንዲደፈን አይደለም፣ እንዳይታይ።"

ምን ይባላል? "ሴት ነበር ወይስ ወንድ፣ የተወለደው?" አልኩት።
"ሴት" አለ። "ሁለተኛ ፎቅ ነው የምትሠራው፣ አዋላጅ ናት።"

ጋኑን በክሪክ አንሥተን መቆሚያውን ሰበርን፤
አፉን ከፍቶ አገኘነው፣ ጠቁሮ፣ አሁንም የሚሸት።
ሲሚንቶውን ያቦካው ኩኑክ ነው፤ አካፋውን ለማንም አልሰጠም።
ሳምንት አደረቅን፣ ቀባን፣ ውሃ ሞላን ዳግመኛ፤
በዚህኛው ሌሊት ግን አልተኛንም ሁለታችንም እኛ።

ሲነጋ ውሃው ከመስመሩ ላይ ነበር፣ ፀጉር ያህል ሳይወርድ።

አሁንም ሲሻገር ጉልበቱን ይዞ ይረግመኛል፣
አሁንም አርባ ሳንቲ ሜትር በዝቶበታል።
ልሄድ ስል ግን ግድግዳውን ልወለውል ጨርቅ ባነሣ፣
እጄን ያዘኝ፦ "የጠመኔዋን መስመር ተያት።"