ፍቺ

የጦሳ ጉም ሾልኮ ወርዶ የሱቃችንን መስታወት ሲልስ፣
ፒያሳ ላይ ባጃጁ ሁሉ መብራቱን በቀን ሲለኩስ፣
እኔ ሞባይል ስጠግን፣ ጋሽ አሊጋዝ የእጅ ሰዓት፣
ኪራይዋን ተካፍለን በያዝናት በአንዲት ጠባብ ቤት፣
ወሬ አነበብኩለት፦

"ኮምፒውተር ቼዝን ሊፈታ ነው፤ ዛሬ ባይሆን ከነገ ወዲያ፤
ከፊተኛዋ እርምጃ እስከ ንጉሡ መውደቂያ
ከጦሳ ጠጠር የሚበዛ መንገድ አንድም ሳይቀር ተቆጥሮ
ያልቅለታል፣ ይህ ቋጠሮ።
ነጭ ያሸንፋል ይል ይሆናል። ወይ አቻ ነው። ወይም ደግሞ
መቅደም ራሱ ጥፋት ሆኖ፣ ጥቁሩ ይረታል ቆሞ።"

የረገፈ ጥርሱን ገልጦ፣ እንዳለቀ የሰዓት ጎማ፣
ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነና፣ ሳሉ እስከ ሸዋ በር ተሰማ።

"ፈታ አልከኝ? ይቺን ቃል እንኳ እኔ በደንብ አውቃታለሁ፤
ሁለት ጊዜ ከፍዬባታለሁ።
አንዴ ዘቡ በሌሊት ጠርቶ 'አሊጋዝ፣ ተፈተሃል' አለ፤
እግሬ ወጣ፤ ሌላው ሁሉ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።
አንዴ ቃዲው ፊት ዘይነባ 'ፍታኝ' አለችኝ፣ ፈታሁ፤
'ያገባኸው ሣጥኑን ነው' አለች፤
እውነቷን ነው፤ ምን እላለሁ? የቼዝ ሣጥኔን ይዤ ወጣሁ።
አሁን ያንተ ማሽን ደግሞ ቼዝን ፈታው ልትለኝ ነው።
ይፍታው። ብቻ ጠይቅልኝ፤
ከተፈታ ወዲያ ምን ነው?"

ቁርጥራጩን ሰምቼ ነበር። ያን ቀን ሙሉውን አወጣ።

ደርግ ጊዜ ነው። ስድሳ ሰው በአንዲት ክፍል ታጭቆ፣
ጡሐ የዳቦ ልብ በምራቅ አላቁጦ አድቅቆ
ንጉሥ ሠራ፣ ግንብ ሠራ፤ ጥቁሩን ጥላሸት ለቅልቆ።
ሰሌዳው ስሚንቶው ነበር፤ ጠዋት በእግር የሚደመሰስ፣
ማታ በከሰል የሚሰመር፤
በፈረቃ ነበርና የምንተኛው፣
ሌላው ተኝቶ እስኪጨርስ።
የአሰብ መንገድ ረዳት ነበር ጡሐ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፤
አስተማረኝ። ሦስት ወር ረታኝ፤ አንድ ቀን ሳያሳየኝ ደጅ።

"አንድ ሌሊት ግን ያዝኩት። ከሁሉም ሰባት ቀርተዋል።
ተራው የሱ ነው። ፈረሱን አነሣ፤
አየር ላይ ይዞት ያስባል።
ቁልፍ ተንቋቋ። ስሙ ተጠራ።
'እስክመለስ እንዳትነካ' አለኝ።
ሄደ፤ ፈረሱን እንደጨበጠ።"

እኔ የዘንድሮ ልጅ ነኝ፤ ከጆሮዬ እጄ ይቀድማል።
"ሰባት አልከኝ? ሙሉው ገና ነው እንጂ
ሰባት እኮ ተፈትቷል!
አንድ ሳይቀር ተጽፏል፤ የሰንጠረዥ ሰንጠረዥ አለ፤
የቱ የት እንደቆመ ብቻ ንገረኝ።"

ዓይኑን ጨፍኖ ነገረኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አላነቃነቃቸውም፦
ንጉሡ ጥግ ላይ፣ ሁለት ወታደር ጎን ለጎን፣
ግንቡ ከኋላቸው፣
ስድስቱን በየቦታቸው አቆምኩ።
"ፈረሱስ?"
ዝም።
"ጋሽ አሊጋዝ፣ ፈረሱስ?"
"ከነበረበት ተነሥቷል። የሚያርፍበትን አላየሁም።
እጅ ላይ ያለ ፈረስ በየትኛው ረድፍ ይጻፋል?"

"ከነበረበት እንመልሰውና
የሚበጀውን እርምጃ ይንገርህ።"

"የሚበጀውን ምን ላድርገው? የጡሐን ነው የምፈልገው።
ጡሐ እኮ አንዳንዴ ይሳሳታል፤
ሆን ብሎ፤
ከፍቶኝ ሲያይ።"

ስልኬ ስድስቱን ይዞ በራ፤ ቆይቶ ራሱ ጠፋ።
ማጉያውን ዓይኑ ላይ መልሶ
የአንዲት ትንሽ የሴት ሰዓት ብሎን ፈታ፤
ብሎኗን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አያት።

በመጨረሻ፣ ለኔ ይሁን ለሰዓቷ እንጃ፣
"የድሮው ፈረስ ተሰብሮ ነበር" አለ፤
"ያን ማታ በራቱ ነው አዲሱን የሠራው።
ጦሙን ነበር።
ምናልባት
መንገድ ላይ በልቶት ይሆናል።"