የደበርጃን ቅኝት

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ልጅ ስላለቀበት፤
ግማሹ ለደብሊን፣ ግማሹ ለለንደን ሄዶ ስለቀረበት።
አሥራ ስምንት መስኮት ከነመስታወቱ
ነቅዬ አመጣሁ፣ ሳይፈርስ ቤቱ።
ለቬልታ ሰጠኋት፣ አጥር ለምትጋራኝ፣
በጡረታ ዕድሜዋ መስታወት ፍለጋ ደጄ ለመጣችብኝ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዜማ አስተምራ
በእነዚሁ መስኮቶች ክረምት ስትሸኝ፣ ፀሐይ ስትጣራ።

"ቤት ልሠራ ነው" አለች፣ "የመስታወት ቤት፤
ደበርጃን ልተክል።"
                    እኔ ሳቅሁባት።
እዚህ? በላትቪያ? በጋውያ ወንዝ ዳር?
ግንቦትም ተጋምሶ ውርጭ ሳያፍር በሚያድር?
እኔ የማውቀው ድንች ነው፤ ድንች አያኮርፍም፤
ቀበርከው፣ ረሳኸው፣ አያስቀይምህም።
ደበርጃን ግን ፀሐይ ያሳደገው ቅምጥል፣
ሌሊት ከበረደው አበባ የሚጥል።

ዘሩን የሰጠቻት ሪጋ ገበያ ውስጥ
ናቴላ ናት፣ ጆርጂያዊት፣ ቅመም የምትሸጥ፤
"ብርድ አታሳዪው" አለቻት፣ "ቁጣም አታሰሚው፤
እግሩ ሲሞቅ ነው የሚያድግ፣ ለብ ባለ ውኃ አጠጪው።"

የካቲት ላይ ዘራች በእርጎ ኩባያ፣
ምድጃው ትከሻ ላይ፣ በድመቷ ጉያ።
ድመቷ ተቆጣች። ችግኙ ግን ወጣ፣
አንገቱን አስግጎ ብርሃን ሊያመጣ።

ሰኔ ላይ አበበ፤ ሐምራዊ አበባ፣
አንገቱን የደፋ፣ ተቀጥቶ እንዳነባ፣
መሀሉ ቢጫ፣ ቢጫውም የተቆለፈ፤
ንብ ካላንቀጠቀጠው ዱቄቱ ያልረገፈ።
ቬልታም ከመሳቢያ መቃኛዋን አወጣች፤
ሁለት ጣት ያለውን ብረት ጉልበቷ ላይ መታች፤
ላ… አለ ብረቱ። ከአበባው አንገት ሥር
አስጠግታ ስትይዘው፣ ቢጫ ዱቄት ብርር።
በአጥር ቀዳዳ አየሁ። በየጠዋቱ ላ።
ለእያንዳንዱ አበባ ላ፤ የማይስት፣ የማይል ወደ ኋላ፣
ያ ድምፅ።

         ልጄ ራይቪስ በስምንት ዓመቱ
በኳየሩ መሀል ቆሞ፣ ተቆልፎ አንገቱ፣
"አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ" አለችው፤
"ድምፅህ ያበላሻል።"
ማታ ለእኔ ነገረኝ፣ ሾርባው እስኪበርደው።
ከዚያ ወዲህ አልዘፈነም። ስሙን ግን በሚስማር
መስታወት ላይ ጫረው፣ ከታችኛው ዳር።
ስነቅል አይቼዋለሁ። አልነገርኳትም።
ከነስሙ ሰጠኋት፤ ተንኮል ይሁን ይቅርታ፣ እኔም አላውቀውም።

ሐምሌ ላይ የበረዶ ጠጠር ያንኑ ሰበረው፤
ከስሙ አጠገብ ቀዳዳ፣ ቡጢ የሚያስገባው።
በዚያ በኩል ገባ ወፍራም፣ ፀጉራም ንብ፤
አበባውን አቅፎ አንጎራጎረ፣ ኖታ ሳያነብ።
ቬልታ ሰማችው፤ ግንባሯን ቋጠረች፤
"ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል" ብላ አማረረች።

ነሐሴ ላይ ቆጠረች፣ በደብተር መዝግባ፤
ቀይ ክር ካሰረችበት፣ እሷ ከቃኘችው ከአርባው አበባ
ሦስት ብቻ ያዘ። ከንቡ ወገን ግን
አሥራ አንድ፣ እንደተወለወለ ጫማ የሚያበራ ደበርጃን።

ቀኑን ሙሉ ዝም አለች። ማታ ደጄ መጣች፣
ሁለት ፍሬ በሱፍ ኮፍያዋ ይዛ።
"ራይቪስ ይዘፍናል?" አለች።
ስሙን አንብባዋለች ማለት ነው።
"መኪና ሲነዳ ያፏጫል" አልኳት፣ "ብቻውን ከሆነ።"
"በየትኛው ቃና?"
"ምን አውቄ? እኔ የድንች ገበሬ ነኝ።"
ሳቀች፤ ወይም ሳቅ መሰለኝ።

ደበርጃኑን ጠበስኩት። እንደ ሰፍነግ ቅቤዬን ጠጣ።
ጣፈጠኝ ብል ውሸት ነው። ግን ጨረስኩት።

መስከረም ገባ። "መስታወቱን ልግጠምልሽ" አልኳት፤ እምቢ አለች።
ማታ ማታ በዚያች ኮፍያ ቀዳዳውን ትደፍናለች፤
ጠዋት፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ሳይቀልጥ፣ በባዶ ራሷ ወጥታ
ኮፍያዋን ትመልሳለች፤
ቆማም ትጠብቃለች፣ ለቀዳዳው ጆሮ ሰጥታ።