የአንድ ቀን መሬት

ሞተሩ አስሎ አስሎ ዝም ሲል በጠዋት፣
ገመዱ ሲታሰር ከወደቡ ብረት፣
ወረድሁ ባሕር ዳር፤ ለአንድ ቀን መሬት።

እግሬ ግን አላመነም፤ አስፋልቱ ይዋኛል፣
ስቆም ይወዛወዛል፣ ስራመድ ይተኛል።
የዘንባባ ግንድ ይዤ እስኪረጋ ብጠብቅ፣
«ገና በጠዋቱ?» አለች አንዲት ሴት በሳቅ።

ኪሴ ሙሉ አደራ፣ ከደቅ ከቆንዝላ፤
ለእማሆይ ጥዑም የዓይን ጠብታ፣ ሌላ
ለዲያቆን ልሳኑ ሁለት ድንጋይ ለባትሪ፣
ለባዩሽ ልጅ ደብተር፣ ዘንድሮ ጀማሪ፤
ለካፒቴን ዳምጤ ስሙን የማልጠራው፣
ባለ ፋርማሲው ጎንበስ ብሎ ያወጣው።
በዚህ ሁሉ መሃል ፀሐይ አናት ወጣች፣
ገበያ ለገበያ ሸሚዜን አራሰች።

የራሴ ጉዳይ አንድ፦ የግራ እግሬ ጫማ፣
አፉን ከፍቶ የከረመ፣ ሰው እንደሚያማ።
ጫማ ሰፊው ውቤ ገልብጦ አየና፣
«ይሄ ቀን ይፈጃል» አለኝ፣ «ተወውና
ማታ ና።»
ማታ? እኔ ማታ የለኝም፤
ማታዬ የሐይቅ ነው፣ ከየብስ አያድርም።

ልነግረው ስጀምር ጥሩምባው ጮኸብኝ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፤ ሦስተኛው አስሮጠኝ።
ባጃጅ ሁሉ ሞልቷል፣ አልቆመልኝ ታክሲ፤
አንድ እግሬ በጫማ፣ አንዱ በካልሲ፣
ፌስታሌን ታቅፌ ሳንቃውን ዘለልኩት፤
ዳምጤ እግሬን አይቶ ዝም ብሎ ሳቀበት።

አሁን ከተማው በሙሉ የመብራት ክር ሆኗል።
እዚያ፣ ከውቤ ሳጥን ስር፣ ግራ ጫማዬ ቆሟል፤
ሳይወዛወዝ፣ ደርቆ፣ እስከ ሳምንት ድረስ።

ከኔ ወገን አንዱ ያድራል ከየብስ።