ሚስኮል

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
አርብ አርብ ሰባት ሆነን፣ ምንጣፍ ላይ ስንተያይ፣
ሙፈሪያት ነች ቀድማ፣ ጉዷን የዘረገፈች፦
«የማዳም ማጠቢያ ማሽን፣ በስሜ ጠራኝ» አለች።
አልሳቅንም።
«ጂን ለክፏታል ብለው፣ በር ዘጉብኝ» ስትል፣
ትብለጽ አንገት ደፋች፣ ታሪኩ የሷ ይመስል።
«በሽታ ነው፤ ስም አለው፤ እንደ ስኳር፣ እንደ ግፊት፤
ክኒኑን እንዳትጥዪው፣ ‹ድኛለሁ› ባልሽ ማግስት።»

ደብተር የለን፣ ሰሌዳ የለን፤ ትምህርታችን ይኸው ነው፤
የቀረውን፣ ሌሊት ሌሊት፣ ስልካችን ነው የሚያስጠናው።
ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ ክኒኗን የዋጠች፣
አንዴ ብቻ ሲጠራ፣ ሳይነሳ ትዘጋለች።
ሒሳብ አይቆርጥም። ትርጉሙ፦ «ውጫለሁ። አለሁ።»

እኔ ግን በሮመዳን፣ ሳህን ሳጥብ ያመሸሁ ለት፣
ረሳሁ ልበል? አይደለም። ተውኩት። ሰለቸኝ፣ እውነት።
ወደ ንጋት ላይ ስልኬን፣ ከትራሴ ስር ሳወጣ፣
አስራ አንድ ሚስኮል። ሁሉም፣ ከስድስቱ የመጣ።
ምክር የለ፣ ስድብ የለ፣ ጥሪ ብቻ ተደርድሮ።
ዋጥኩት፣ ያለ ውሃ፣ በደረቀ ጉሮሮ።
ከዚያ ለስድስቱም በተራ፣ አንዴ ደውዬ ዘጋሁ።
ትብለጽ ብቻ አነሳች።
ምንም አላለችም። ትንፋሿን ሰማሁ።