ሐሞት

ከሃኖይ ሦስት ሰዓት፣ በተራራው መንገድ፣
የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው የሚርድ
ቤት አለ፤ ከቤቱ ኋላ፣ ከአሳማው ጋጥ አጠገብ፣
ሁለት ክንድ በሦስት ክንድ፣ የብረት ሣጥን ለድብ።

የሩዝ አጥሚት በጣሳ፣ ስኳር ድንች ተልጦ፣
ይበላል ዝም ብሎ፣ እንደ ሰው ተቀምጦ።
አይጮህም። ሌሊት ብቻ ብረቱን ይነክሳል፤
ጥርሱ ከድዱ እኩል ሆኗል፤ ያንኑ ያመላልሳል።

ደረቱ ላይ ነጭ ፀጉር፣ ማጭድ የመሰለ፤
የጨረቃ ድብ ይሉታል፣ ከዚያ ስሙ በቀለ።
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ነው ሰማይ ቤቱ፤
በሚስማር ቀዳዳ ሆነ ጨረቃን ማየቱ።

ባልየው ቶዋይ ነው የገዛው፣ በሁለት ጎሽ ዋጋ፤
አዳኙ ከጆንያ አወጣው፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ።
ድመት ያህል ነበር ያኔ፤
የሚየንን ጣት ጠባ።
«እናቱስ?» አለች ሚየን። አዳኙ ሳቁን ዋጠ፤
«መዳፏ ለምግብ ቤት፣ ሌላው ሌላ ጋ ተሸጠ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ ይመጣል፣ በመኪና፣
ለወገብ፣ ለዓይን፣ ለስብራት፣ «ለወንድነት» ጤና።
ቶዋይ ማደንዘዣ ይወጋዋል፤ ድቡ ይልፈሰፈሳል፤
በረጅሙ መርፌ ደግሞ ጉበቱን ያስሳል፤
ይወጣል አረንጓዴ ቢጫ፣ በጠብታ እየተለካ፣
በሩዝ አረቄ ይበጠበጣል፣ ብርጭቆው ሲንካካ።

በኔ ቋንቋ
ሐሞት ድፍረትም ነው።
«ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባላል ልቡ ለከዳው፣
«ሐሞተ ኮስታራ» ለማይበገረው።
ታዲያ ማነው እዚህ ሐሞቱ የፈሰሰው?
የታሰረው? ወይስ
በብርጭቆ የተዋሰው?

በክረምቱ የልጅ ልጅ መጣች፣ ንጉየት ናት ስሟ፤
ጨረቃ ማለት ነው። ሰባት ዓመት ነው ዕድሜዋ።
ፊቷን ከብረቱ ፍርግርግ ቀስ ብላ አስጠግታ፣
«መራመድ ያውቃል?» አለቻት፣ አያቷን ተጣርታ።
ሚየን መልስ አልነበራት። አጥሚቱን አማሰለች፤
ያማሰለችውን ደግማ፣ ደጋግማ አማሰለች።
ማታ ግን ባሏን አለችው፦ «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ።»
ቶዋይ ሦስት ቀን ዘጋት።
በአራተኛው ስልክ ደወለ፤ ያ ነበር የሱ ወኔ።

መኪና መጣ፣ ሰዎች መጡ፣ ሚዛን፣ ወረቀት፣ ፊርማ፤
ዘጠና አንድ ኪሎ፤ ጉበቱ ጠባሳ፣ ልቡ ደካማ።
ወሰዱት፣ ሳር ወዳለበት።
በሩን ከፈቱለት።
ቆመ።
አንድ መዳፍ አወጣ፣ ሳሩን ነካ፣ መለሰው
እሳት እንደነካ ሰው።
ዘጠኝ ቀን ደፉ ላይ ተቀመጠ።
በአሥረኛው ዝናብ ጣለ፤
ጠብታውን በምላሱ እየለቀመ፣ ሳያስበው፣ ወረደ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አያልቅም።
አንድ በር ተከፈተ ተብሎ ጫካ አይሞላም።
ከቀርከሃው ሥር የሞተር ብስክሌት ፍሬን ሽቦ
ተጠምዶ ይጠብቃል፣ እንደ እባብ ተጠቅልሎ፣ ተርቦ፤
ለአሳማ ነው ይሉታል፤
ሽቦ ግን የማንን እግር እንዳነቀ መቼ ያውቃል?
የሸንኮራ ማሳው በየዓመቱ ሽቅብ ይወጣል፤
ግንዱ ላይ የጥፍር ጭረት አለ፣ ቅርፊት እየሸፈነው፤
አዲስ የሚቧጥጥ ከጠፋ ስንት ዓመቱ ነው?

ሚየን ሐሙስ ሐሙስ ትወጣለች፣ ፒንሳ በቅርጫት ይዛ፤
አቀበቱ ላይ ትቆማለች፣ በጉልበት ሕመም ፈዛ።
ንጉየት ትቆጥራለች።
ባለፈው ሳምንት አሥራ ሰባት ሽቦ፣
በዚህ ሳምንት አሥራ ዘጠኝ።
ጎረቤት ሳቀባት፦
«አንቺ ፍቺ፣ እኛ እናስር፤ ማን ቀድሞ እንደሚደክም እናያለን።»
አልመለሰችለትም።
ሽቦውን ቤት አምጥታ፣
ሣጥኑ በነበረበት ቦታ፣
ከምሰሶ ምሰሶ ወጠረችው፤
የልጅቷን ቀሚስ አሰጣችበት።

ቶዋይ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያያል።
ወገቡን ያመዋል።
ዝንጅብል ተቀቅሎለታል፤ ይጎነጫል፣
ያቃጥላል ይላል፣
ደግሞ ይጎነጫል።