ሦስት ጣት

ኮምቦልቻ መውጫ ላይ፣ ከቶርኖው ቤት ጀርባ፣
አንድ አይሱዙ ገባ፣ ሆዱ ዘይት እያነባ።
«ደግሞ?» አለ አሊጋዝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፤
«ደግሞ» አለ አራጋው፣ «እዚያችው ድንጋይ ላይ።»

በሽሎ መውረጃ፣ ሦስተኛው ጥምዝ አንገት፣
ክረምት አፈሩን ልሶ ያወጣው ባለ ጥርስ አለት፤
ጎማ በግራ በቀኝ ተጠንቅቆ ቢያልፍም፣
የዲፈረንሻሉን እንብርት አይምርም።
ሦስቴ ቀዶታል። ሦስቴ ጠግነናል።
ድንጋዩ በራሱ ብረት ብረት ሸቷል።
ባለፈው እዚያው አድሯል፣ ሲሚንቶ እንደ ጫነ፣
ዶፍ ወርዶበት ግማሹ ከረጢት ድንጋይ ሆነ።
«ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ድንጋይ ስጠብቅ አደርኩ» ይላል።

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ ኤሌክትሮድ አቀባይ።
«ድንጋዩን በዲጅኖ ብንፈልጠውስ?» አልኩኝ።
አሊጋዝ መነጽሩን አንሥቶ አስተዋለኝ።
«እሱስ ይፈለጥ እሺ፤ የሚቀጥለውስ?
ወሎን ስትፈልጥ ኖረህ፣ መቼ ጭነት ልታደርስ?»

ባሌስትራ ደርቦ ነበር አራጋው ባለፈው፣
ካቢናው ከፍ አለ፣ ሰው ሁሉ አደነቀው፤
ሰማይ ሄደ ጭነቱ፣ መስታወቱ፣ በሩ፣
ሆዱ ግን አልተነሣም፣ እዚያው ነው ከምድሩ።
እንዲህ ያለ ሰውም አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም።

አክስሉን አወረድን፣ ሻፍቱን ጎተትን፣
ኮሮናውን አውጥተን በነጭ ጋዝ አጠብን።
ጣቱን አስተኝቶ ከሆዱ ሥር በጠመኔ አሰመረ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጣት። አራት ሳይል ቀረ።
«ከዚህ አልፌ ብሄድ ጥርሱን ነው የምነካ።»
መቁረጥ ሳይሆን ኖሯል፣ መተው ነው ሙያው ለካ።

የጾሙ ሃያ ዘጠኝ፤ ፀሐይ የጎፍን ስታልፍ፣
ሰው ደጅ ወጥቶ አንጋጦ ጨረቃ ሲፈልግ ከሰማይ ጫፍ፣
መፍጫው አንዴ ጮኸና፣ የብረቱ ከንፈር
ቀጭን ማጭድ ሆኖ ዱብ አለ ከአሸዋው ዳር።
«ታየች!» አለ አሊጋዝ። ባለ ማተቡ አራጋው ሳቀ፤
ጉሮሮው ደርቆ የዋለ ሰው፣ ቀልዱ እንዴት አልደረቀ!

ከወደቀ ሎቤድ ሻንሲ ወፍራም ላሜራ ቆርጦ፣
በእሳት አለስልሶ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ፣
ብየዳው ሦስት ቀን ፈጀ። ብረት ቂመኛ ነው፣
ባንድ ወገን ካጋልከው ወደዚያው ነው የሚያጋድለው።
አንድ አውራ ጣት ይበይዳል፤ ይተወዋል፤ ይዞራል ማዶ፣
እዚያም አንድ አውራ ጣት፤ ይጠብቃል፣ እስኪበርድ ነዶ።
ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
«ፀጉር ታህል ጎብጣለች» ይላል፤ ይቀመጣል አዝኖ።
ማታ አመድ ያለብሰዋል እንደ ታማሚ ልጅ፤
ቶሎ የበረደ ይሰነጠቃል፣ ብረትም ሆነ ወዳጅ።

በመጨረሻ ከውስጥ ነጭ ጋዝ፣ ከውጭ ጠመኔ ቀባን፣
እስኪነጋ ጠብቀን በባትሪ እየዞርን አየን።
ነጩ ነጭ ሆኖ አደረ። አንዲት ነጠብጣብ የለም።
አሊጋዝ በጣቱ ነካና አሸተተው። ምንም አላለም።

አራጋው ከሒሳቡ ስድስት መቶ ብር አጎደለ፤
«ከተንታ ስመለስ» አለ።

ክረምቱ ገባ። ወሬው ጠፋ።
ያቺን የብረት ጨረቃ ሚስማር ላይ ሰቀልኳት፤
ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ያናግራት።

መስከረም ሲጠባ መጣ። ጭቃው እስከ መስኮት።
አሊጋዝ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ገባ ከሥሩ፤ ባትሪ ያዝኩለት።
ከአዲሱ ሆድ ላይ፣ መሃል ለመሃል፣
አንዲት ጭረት አለች፣ ጥፍር የጫረው ያህል።
ጭቃው ግንባሩ ላይ ጠብ ጠብ ሲል፣ ዳሰሳት፤ ቆየ።
«ነክቶታል» አለ። «አልያዘውም።»
ደግሞ ዳሰሳት።
ከላያችን አራጋው ስድስት መቶውን ሲቆጥር ይሰማል፤
ሁለቴ ይስታል፤ እንደገና ይጀምራል።