አንጋፋው ሣር

ከኦር ዓቂባ ወጥቼ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣
ባሕሩ ሳይነቃ፣ ሞተሬን ዘውሬ፣
ሃያ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ሣር ሳጭድ፣ ሣር ስከረክም፤
ጎልፍ የሚሉትን ግን፣ አንድ ቀን መትቼ አላውቅም።

ሦስት ሚሊሜትር ተኩል፣ ጉድጓዱ ዙሪያ ልኩ፤
ካለፈ ወቀሳ አለ፣ ካነሰ ይቃጠላል መልኩ።
ፋድል፣ የጂስሩ ልጅ፣ ቱቦ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤
እኔ ያጨድኩትን እሱ፣ በውኃ መልሶ ያሳድጋል፤
እንዲህ ስንቋጥር ስንፈታ፣ ሁለት ደመወዝ ይከፈላል።

በቄሳርያው ደጅ፣ የነሐስ ሰሌዳ፣
የመሥራቾች ስም አለ፣ ጠዋት ጠዋት የጸዳ።
(የማጸዳው እኔ ነኝ።)
የኔ ስም ሳጥኔ ላይ፣ በቴፕ የተለጠፈው፣
“ዳቪድ” ነው፤ “ዛውዴ” ከብዶት፣ አንድ ጸሐፊ የጻፈው።

ኅዳር ሲገባ ይመጣል፣ ሌስተር ከፔንሲልቫኒያ፣
ጉልበቱ ብረት ያለበት፣ ዕድሜው ያለፈ ሰማንያ።
ዕብራይስጡ ስብርባሪ፣ የኔም እንግሊዝኛ፤
በሁለት ቁርጥራጭ ቋንቋ፣ ተግባባን እኛ።

“በኛ አገር” ይለኛል፣ “ዛውዴ፣ አንጋፋ ሜዳ አለ፣
መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ሣሩ ያልጎደለ።
ኳሳቸው የዛፍ ሙጫ፣ በእጅ የተድበለበለ፣
ጨዋታውም ከስኮትላንድ፣ በመርከብ የኮበለለ።
ጥቂት ወዳጆች ነበሩ፣ በላም ግጦሽ መሬት
ሦስት ጉድጓድ ቆፍረው፣ የጀመሩት በድፍረት፤
ኋላም ከፖም ዛፎች ሥር፣ ካፖርታቸውን ሰቅለው፣
ውስኪውን ካንዱ ቅርንጫፍ፣ እንደ ፍሬ አንጠልጥለው።
ሦስት አራቱ ክለብ ሁሉ፣ ‘ቀዳሚው እኔ’ ይላል፣
ባንድ ዓመት ብልጫ፣ እስከዛሬ ይጣላል።”

“ሣሩንስ ማን ተከለው?” አልኩት። ዝም አለ ለጊዜው፤
ኳሷን በመዳፉ አሻሽቶ፣ አሸዋውን አየው።
“ባንዱ ቦታ” አለ፣ “ነባሮቹ፣ ሕንዶች የሚሏቸው፣
መቶ ሃምሳ ሆነው ቆፈሩ፤ አላውቅም አንድም ስማቸው።
የአያቶቻቸው መቃብር፣ እዚያው ነበር ይባላል፤
ጉብታው አሸዋ ሆኖ፣ ዛሬ ኳስ ይቀበላል።”

እኔም የራሴን አወራሁት።
ቱቦ ስቀብር አንድ ሰሞን፣ ከዐሥራ ሁለተኛው ዘንድ፣
አካፋዬን መለሰው፣ የተጠረበ ዕብነ በረድ።
የዓምድ አንገት ነው አሉ፣ ከሮማውያን ዘመን፤
ለክተው፣ ፎቶ አንሥተው ሄዱ። ሣር አለበስነው መልሰን።
የጠረበው ሰው ስሙን፣ ጎኑ ላይ አልተወም፤
ድንጋዩም የለበሰውን ሣር፣ “ዕድሜህ ስንት?” አላለም።
“አንጋፋነት” አልኩት፣ “ሌስተር፣ እንደ ሣር ሥር ነው ነገሩ፤
ስትጎትተው ሌላ ሥር አለ፣ ከዚያም በታች አፈሩ።”

“ምታ” አለኝ፣ ዱላውን ሰጥቶ፣ “ማን ያያል በዚህ ሰዓት?”
ቆልመም ያለ ጫፉን አየሁ። አወቅሁት። የት? የት?

ወገራ። የጎረቤት ልጆች፣ ለበዓላቸው ለገና
ሩር ሲለጉ በመስኩ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገና፤
እኔ ከድንበሩ ወዲህ፣ አትንካ የተባልኩ ልጅ፤
ሩር ሃይማኖት የላትም፣ መጣች እስከኔ ደጅ።
በሞፈር ቁራጭ ለጋኋት፤ ሰማዩን ይዛ ሄደች።
አባቴ ወንዝ ነከረኝ።
እሷ ግን አልወደቀች።

በዚያ ጠዋት መታሁ። ነጯ ኳስ፣ ከዓምዱ በላይ አልፋ፣
ጎህ ላይ እንደ ጨረቃ፣ ለጥቂት ተለጥፋ፣
ወደ ባሕሩ ጠፋች። ሌስተር ሳቀ፣ አስነጠሰው፣
እንባውን በጓንቱ አበሰው።

ከካርዱ ላይ በእርሳስ፣ ተንቀጥቅጦ ጻፈ፦
“ዛውዴ። አንድ ምት።”
ኅዳር መጣ፣ ሌስተር ቀረ። ሌላም ኅዳር አለፈ።

ካርዷን ከነሐሱ ጀርባ፣ ከግንቡ ሸጉጫታለሁ፤
ስማቸውን ስወለውል፣ ጥጓን በጣቴ እነካለሁ።

ሣሩ ዛሬም አድጎ አደረ።